ከጥቁሩ ቅባት ሥር

ጋሽ ክፍሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ታክሲ ሲነዱ አንድም ሰው ገጭተው አያውቁም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሆነውን ስትሰሙ ጣታችሁን እሳቸው ላይ እንዳትቀስሩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልናገረው ተነስቻለሁና አታቋርጡኝ፤ ካቋረጣችሁኝ ደግሜ አልጀምረውም።

ይርጋለም እባላለሁ፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዕዝራ የሚባል ሰው ጋራዥ መካኒክ ነኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ አፌን ያውቀዋል። ዘይት ሳይቀይር ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ሲመጣ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነው የምነግረው። «ይሄ መኪና አይደለም፣ የሚንቀሳቀስ ቆርቆሮ ነው፤ ሚስትህን አሳፍረህበት እንዳላይህ» ያልኩት ደንበኛ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ዕዝራ «በአንተ አፍ ምክንያት ደንበኛዬ ሁሉ አርሊንግተን ሄዶ አለቀ» እያለ ያማርራል። ያማርር! የላላ ብሎን አይቼ «ደህና ነው» ብዬ የምሸኝበት ሆድ የለኝም፤ የለኝም ብዬ አምን ነበር።

ጋሽ ክፍሌን ያወቅኳቸው አሜሪካ የገባሁ ዕለት ነው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ይቀበለኛል የተባለው ዘመዴ ስልኩን ዘጋ። ደለስ ኤርፖርት ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ሳወዛውዝ ክራባት ያሰሩ አንድ የታክሲ ሾፌር መጥተው «ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አሉኝ። «ማንንም» አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። ሻንጣዬን አንስተው ሄዱ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ስምንት ወር ኖርኩ። ባለቤታቸው እትዬ ቤርሳቤህ ያኔ በሕይወት ነበሩና «ታች ይበርዳል» እያሉ ብርድ ልብስ ሲያወርዱልኝ ነበር የሚውሉት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በጋሽ ክፍሌ ታክሲ ተለማምጄ ነው። አባት ነው የሆኑኝ ብል አላጋነንኩም።

ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። አገር ቤት አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የመንገድ ቴክኒሽያን ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጡ። እዚህ መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ጠበቁ፣ ከዚያ ታክሲ ያዙ። ሲነዱ ክራባት ያስራሉ፣ ስልክ አያነሱም። መሪ ከመያዛቸው በፊት ስልካቸውን አጥፍተው ኪስ ውስጥ ይከታሉ፤ ሰማይ ቢደፋ አይከፍቱትም። እትዬ ቤርሳቤህ ሲያርፉ ሲያትል ያለችው ልጃቸው አቢጊያ በእንግሊዝኛዋ «ዳድ፣ እዚህ ና በቃ» ብላቸው ነበር። «ቫኑን ለማን ትቼ?» አሏት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ቫኑ የቤተ ክርስቲያናችን ነው። ነጭ፣ ባለ አሥራ ሁለት ሰው፣ ሃያ ዓመት ያለፈው። በየእሑዱ ጋሽ ክፍሌ አዛውንቶቹን ከየቤታቸው እየለቀሙ ወደ አምልኮ ያመጧቸዋል። መጀመሪያ ሪቨርዴል ፓርክ፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ። ረቡዕ ጸሎት፣ በመሀል ደግሞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው። የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር በፊደል ተራ አይደለም፤ በጉልበት ነው። ጉልበቱ የከፋው ከፊት ይቀመጣል፣ መጀመሪያ ይሳፈራል፣ መጀመሪያ ይወርዳል። ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ትርፍ ከዘራና አካፋ አለ፤ ጎማ በረዶ ላይ ሲሽከረከር የሚበተን አንድ ከረጢት የድመት መጸዳጃ አሸዋም አለ። የአዛውንቶቹ ልጆች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ አይሰሙም። ቫኑ ካልመጣላቸው ከቴሌቪዥን በቀር የሚያዋራቸው የለም። ጋሽ ክፍሌ ይህን ስለሚያውቁ አንድም እሑድ ቀርተው አያውቁም።

አሁን ወደ ዝገቱ ልምጣ። ቫኑ የተገዛው ከፔንስልቬንያ፣ ከወደ ሰሜኑ ነው። እዚያ በረዶ በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ደግሞ ብረት ሲበላ ድምፅ የለውም። መኪናው ከላይ ሙሽራ ይመስላል፣ ሥሩን ማንም አያይም። ሜሪላንድ እንደ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን፣ የመኪና ምርመራ፣ አትጠይቅም። ስለዚህ ከተገዛ ጀምሮ ከሥሩ ገብቶ በደንብ ያየው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ክፍሌ ኦክቶበር ላይ ዩቲዩብ አይተው ቫኑን ራሳቸው ሊቀቡት ተነሱ። በቆርቆሮ የሚመጣ፣ ሲረጩት እንደ ጎማ የሚደርቅ ጥቁር ቅባት ገዙ። በራቸው ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በጀርባቸው ተኝተው ቀቡት። የቀረ ቦታ የለም፤ ሥሩ ጥቁር ሆኖ አበራ። ሰው ሁሉ አወራላቸው። «ጋሽ ክፍሌ ቫኑን እኮ አደሱት፣ ጌታ ይባርካቸው!»

ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዝገት ያለበት ብረት መጀመሪያ በደንብ ይታጠባል፤ ጨውና ጭቃው ይወጣል። ከዚያ ይደርቃል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ እየፋቁ፣ በመዶሻ እየነኩ ጤነኛውን ከበሰበሰው ይለያሉ። የበሰበሰው ይቆረጥና ይበየዳል። ቅባት የመጨረሻው ነው፤ እሱም ቀጭኑ፣ ዘይት ዘይት የሚለው፣ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚገባው ነው የሚሻለው። ያንን ወፍራም ጥቁር ነገር በዝገት ላይ መደረብ ቁስል ሳይታጠብ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ከላይ የዳነ ይመስላል፣ ከሥር ይመግላል። ውሃውና ጨዉ ከውስጥ ታሽገው ይቀሩና ሥራቸውን ይሠራሉ።

ጃንዋሪ ላይ አንድ ማክሰኞ ጋሽ ክፍሌ ቫኑን ወደ እኔ አመጡት። እሑድ ብዙ በረዶ ይጥላል ተብሏል፤ የዚያን እሑድ ደግሞ የዓመቱ የጋራ አምልኮ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው። አዛውንቶቹን ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤልትዌይ፣ ከተማውን በሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ በትልቁ ድልድይ አሻግረው ሊያመጡ ነው። ለዚያ ሲሉ አራት የበረዶ ጎማ ገዝተው ጭነዋል። አብረዋቸው እትዬ የሻሽወርቅ ነበሩ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ጋሽ ክፍሌ ለዳያሊሲስ፣ ለኩላሊት እጥበቱ፣ የሚያመላልሷቸው፣ ምላሳቸው ከእኔ የማያንስ ሴትዮ።

«ይርጋ! ከሳህሳ!» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ሚስትህ ጾም ያዘችብህ እንዴ?»

«እትዬ፣ ዕዝራ ነው ያከሳኝ» አልኩ። ሁላችንም ሳቅን። የዚያን ቀን የሳቅነው ትዝ ሲለኝ አሁን ያመኛል።

ቫኑን በሊፍት አነሳሁና ጎማዎቹን ቀየርኩ። ጎማዎቹ ግሩም ነበሩ፤ ጥርሳቸው ጠለቅ ያለ፣ ላስቲካቸው በብርድ የማይደርቅ። ስጨርስ ጋሽ ክፍሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ከቫኑ ሥር ገብተው ቆሙ።

«እስኪ ሥራዬን እየው» አሉኝ ወደ ላይ እያዩ። «አንተ ባለሙያ ነህ፤ ፍረድ።»

መብራቱን ይዤ ከፊት ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁሉም ጥቁር ነው። ከኋላ በግራ በኩል፣ ባሌስትራው፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጥንት፣ ጋር የተያያዘበት ቦታ ስደርስ ቅባቱ አብጦ አየሁት። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ገባልኝ። ብረት ጣት አያስገባም። ከጠርዙ ቡናማ ውሃ ጠብ ብሎ እጅጌዬ ላይ ወደቀ።

ባሌስትራው እዚያ ጋ ከተገነጠለ የኋላው እግር ወደ ጎን ይዞራል፤ የኋላው እግር ከዞረ መሪ የሚባል ነገር የለም። ቤልትዌይ ላይ፣ በበረዶ፣ አሥራ አንድ አዛውንት ይዞ። ይሄን ሁሉ ያሰብኩት ጣቴ ገና እዚያው ላይ እንዳለ ነው። ካቻቢቴ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቶ መውጋት ብቻ ነው፤ ጤነኛ ብረት ይመልሰዋል፣ የበሰበሰ ይውጠዋል። ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም።

ዞር ብዬ ጋሽ ክፍሌን አየኋቸው። ፊታቸው በርቷል።

«ጀርባዬ እስከ ዛሬ አልተወኝም» አሉ። «ግን ምን ላድርግ፣ ለእነሱ ነው። ሰው ሁሉ አይቶልኛል፤ አንተ እስክታየው ድረስ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም።»

እትዬ የሻሽወርቅ ከወንበራቸው ሆነው «ወጣቶቹ ይዩና ይፈሩ!» አሉ። ዕዝራም በዚያ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ይርጋን አባርሬ እርስዎን ልቅጠርዎት?» ብሎ ሳቀ። ሦስቱም እኔን ያያሉ። እኔ፣ ያ አፈኛው፣ ለማንም የማልመለሰው ይርጋለም፣ መብራቱን አጠፋሁ።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ» አልኩ።

«አሜን!» አሉ።

ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ገንዘብ አይደለም፣ ስንፍና አይደለም፣ ሥራውን አለማወቅም አይደለም። ይሉኝታ ያዘኝ። ከኤርፖርት ያነሱኝን ሰው በሰው ፊት «ሦስት ቀን ተኝተው የሠሩት ሥራ ሰው ይገድላል» ማለት አቃተኝ። በኋላ ብቻቸውን ሳገኛቸው በቀስታ እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቫኑ ከጋራዡ ሲወጣ የበሩን ጉብታ ሲወርድ ከኋላ «ገጭ» አለ። አዲሱ ጎማ ነው አልኩ። አዲስ ጎማ ገጭ አይልም።

ረቡዕ ማታ ደወልኩላቸው። ልነግራቸው ነበር፤ ቃሉን መኪና ውስጥ ብቻዬን ስለማመደው ነው የዋልኩት። ገና ሃሎ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ይርጋ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጸሎት ላይ ፓስተሩ አስነስቶ አመሰገነኝ። ሰው አጨበጨበልኝ። እኔም የራሳችን ባለሙያ ይርጋለም ከሥር ገብቶ አይቶ መርቆታል ብዬ ነገርኳቸው። ሁሉም ‘ተመስገን’ አለ።»

ምን ልበል? «ጥሩ ነው ጋሼ» አልኩና ዘጋሁ።

ሐሙስ ደግሞ እትዬ የሻሽወርቅ ኮል አደረጉልኝ። «ስማ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ቫን ከኋላ ያቃስታል። ጠምዘዝ ባልን ቁጥር እንደ እኔ ወገብ ቋ ይላል።»

«ለጋሽ ክፍሌ ነገሯቸው?»

«እሱ ጆሮው ደከም ብሏል፣ አይሰማውም። ብነግረው ደግሞ ቅር ይለዋል፤ ስንት የለፋበትን! አንተ አይተኸው የለ እንዴ? አንተ ደህና ነው ካልክ ደህና ነው።»

«ሰኞ ያምጡልኝና አየዋለሁ» አልኩ።

«ሰኞ እንግዲህ» አሉ፤ ቀለል ብሏቸው ዘጉት። እኔ ላይ ግን ከበደ።

ዐርብ በዘዴ ሞከርኩ። «ጋሼ፣ በረዶው ይከፋል ይላሉ፤ እሑድ ሰዎቹ ቤታቸው ቢቀሩስ?» አልኳቸው። «ለዚህ አይደል እንዴ ጎማ የገዛነው?» አሉ እየሳቁ። «አሥራ አንዱም ይመጣሉ። የሻሽወርቅማ ነጠላዋን ካሁኑ አጥባለች።» ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የመንገድ ሥራ ትራኮች ለበረዶው የጨው ውሃ እየረጩ በሃይዌዩ ያልፋሉ፤ አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር በነጭ መስመር ሆኗል። በሌላ ጊዜ ልብ ብዬ አላየውም። ያን ቀን ግን እያንዳንዱን መስመር አየሁት።

እሑድ ጠዋት ስነሳ ሁሉም ነገር ነጭ ነው። ባለቤቴ ፀዲ ለአምልኮው ለብሳ ጨርሳ እኔ ገና በካልሲ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ።

«ምን ሆነሃል? ሙሉ ሳምንት እህል አልበላህም።»

ነገርኳት። ሁሉንም። ስጨርስ ጫማዋን በአንድ እግሯ እንዳደረገች ቀረች።

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«አንተ?!» ጮኸችብኝ። «አንተ! በእናቴ ፊት ‘ወጡ ጨው በዝቶበታል’ ያልከው ሰው! ለአንድ ማንኪያ ጨው የከፈትከውን አፍ ለአሥራ አንድ ነፍስ ዘጋኸው? ተነስ! አሁኑኑ ተነስ!»

ደወልኩ፤ የጋሽ ክፍሌ ስልክ ዝግ ነው። መሪ ይዘዋል ማለት ነው። እትዬ የሻሽወርቅ ደግሞ አምልኮ መሀል ይጮኻል ብለው እሑድ ስልክ አይዙም። ፀዲ ፓስተሩንና የአዛውንቶቹን ልጆች አንድ በአንድ ልትደውል ቀረች፤ እኔ ካፖርቴን በፒጃማ ላይ ደርቤ ወጣሁ።

ድልድዩን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ቤልትዌይ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የተጠረገው። ዓይኔ ከራሴ መንገድ ይልቅ ማዶ ነው፤ ነጭ ቫን ከወዲያ ሲመጣ ባየሁ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። አንዱ የዕቃ ማመላለሻ ነው፣ አንዱ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከመንገድ ወጥታ አጥሩ ላይ የተሰካች ትንሽ መኪና አለፍኩ፤ ፖሊስ አጠገቧ ቆሟል። «ጌታ ሆይ፣ እንዳልዘገይ» እላለሁ። ደግሞ አፍራለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ አምስት ቀን ሰጥቶኝ ነበር እኮ።

ደረስኩባቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ስድስቱ አዛውንቶች የሚኖሩበት ቢልዲንግ በር ላይ ቫኑ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ሌላ ሰው አያስተውለውም፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ አየሁት። አሥሩ ተሳፍረዋል፣ ይዘምራሉ። ጋሽ ክፍሌ በክራባትና በጥቁር ካፖርት፣ እትዬ የሻሽወርቅን በእጃቸው ደግፈው ወደ በሩ እያመጧቸው ነው።

«እንዴ ይርጋ! ልታጅበን መጣህ?» አሉኝ በደስታ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት። ሰዎቹን ያውርዱ።»

«በዚህ ብርድ? ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

አፌ አሁንም እምቢ አለኝ። አስቡት እስኪ! አሥር ሰው ተሳፍሮ፣ እኔ እዚያም ቆሜ ለስላሳ ቃል እፈልጋለሁ። ቃሉ ሲጠፋኝ ራሴ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ካቻቢቴዬን አወጣሁ፣ በረዶው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ከኋላ በግራ በኩል ገባሁ። እብጠቱ ላይ አድርጌ ገፋሁት። መምታት እንኳ አላስፈለገም፤ እስከ እጀታው ገባ። ጥቁሩ ቅባት ተቀደደና ዝገቱ ከነውሃው ፊቴ ላይ ፈሰሰ።

ከአጠገቤ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ጋሽ ክፍሌ ነበሩ። ያ የእሑድ ልብሳቸው፣ ያ የማይታጠፍ ጉልበታቸው፣ በረዶው ላይ ጎኔ ተኝተዋል። ጓንታቸውን አወለቁና ጣታቸውን በቀዳዳው ከተቱ። ብረቱ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ጣታቸውን አወጡ፣ አዩት፣ እንደገና ከተቱት። ከላይ መዝሙሩ ይሰማል።

ከዚያ ተነሱ፤ ላነሳቸው እጄን ብዘረጋ አልያዙትም። በሩን ከፍተው «ወገኖቼ፣ እንውረድ። ቫኑ አይሄድም» አሉ። እያንዳንዱን በእጃቸው ይዘው አወረዱ፤ ጉልበቱ የከፋውን መጀመሪያ። ሁሉንም ሎቢው ውስጥ አስገብተው፣ ብርድ ልብሶቹን አከፋፍለው፣ ከዚያ ወደ እኔ ወጡ።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ማክሰኞ።»

ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ጫፉ ላይ ዝገቱ አለ። «ረቡዕ ጸሎት፣ ስምንት ሰው። ሐሙስ የሻሽወርቅ፣ በቤልትዌይ ደርሶ መልስ። ዐርብ ሁለት ሰው ለዓይን ሐኪም። ዛሬ ከሪቨርዴል ፓርክ እስከዚህ አምስት ሰው፣ በበረዶ።» ቆም አሉ። «ብሬክ ይዤ ነበር እኮ ይርጋ። አንዱ መብራት ላይ ተንሸራተተና በኃይል ያዝኩት።»

«ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

«እንዳይከፋኝ?»

«ሰው ነበረ፤ ዕዝራም እትዬም ቆመው…»

«ፍረድ ነው ያልኩህ» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም፤ ቢጮኹብኝ በተሻለኝ ነበር። «ምን አልኩህ? ፍረድ አልኩህ። መርቀኝ አላልኩህም።»

ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሎቢው ገባሁ።

ሎቢው ውስጥ እትዬ የሻሽወርቅ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ። «እኔም ሰምቼው ነበር» ይላሉ ላጠገባቸው ሁሉ፤ «ቅር እንዳይለው ብዬ፣ ቅር እንዳይለው ብዬ…» ፀዲ የደወለችላቸው ልጆች እየመጡ እናት አባታቸውን ወሰዱ። ጋሽ ክፍሌ የመጨረሻው ሰው እስኪሄድ በሩ ላይ ቆሙ። ቁልፉን በኪሳቸው አድርገው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ላድርስዎት ብላቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰኞ ቶው ትራክ፣ የተበላሸ መኪና የሚጎትተው፣ መጣ። ሰውዬው ከኋላ አስሮ መሳብ እንደጀመረ፣ ገና አንድ ክንድ ሳይሄድ፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ ወጣና ባሌስትራው ከሻንሲው ተገነጠለ። የግራው ጎማ ወደ ውስጥ ዞሮ ተቀመጠ፤ ያ ጥርሱ ጠለቅ ያለው አዲሱ ጎማ። ቢልዲንጉ ውስጥ የሚኖሩት አዛውንቶች ከሎቢው መስታወት ጀርባ ተደርድረው ያያሉ። ጋሽ ክፍሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ትራኩ ሲሄድ ከኪሳቸው ያንን በጉልበት ተራ የተጻፈውን ዝርዝር አወጡና ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዙም።

አሁን በግል መኪናችን ነው በየተራ የምናመላልሳቸው። ሁለቱ መምጣት አቁመዋል፤ መኪና ላይ ለመውጣት ፈሩ። እኔ አራት ሰው እይዛለሁ፤ የመጨረሻው ጋሽ ክፍሌ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ስማቸው ስላልነበረ ከታች በእጄ ጻፍኩት። በሩ ላይ ክራባታቸውን አስረው ይጠብቁኛል። «እንደምን አደርክ ልጄ» ይሉኛል፣ ስለ ፀዲ ይጠይቁኛል፤ እንደ ድሮው ነው። አልተቆጡኝም፣ ለማንም አላወሩብኝም።

ከመግባታቸው በፊት ግን ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ያ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ዝቅ ይላሉ። በስልካቸው መብራት ከመኪናዬ ሥር ያያሉ፤ ከፊት እስከ ኋላ፣ ቀስ ብለው፣ በግራ በኩል ሲደርሱ ቆየት ብለው። እኔ በሩን ከፍቼ ይዤ እቆማለሁ። «ደህና ነው፣ ጋሼ፣ አይቼዋለሁ» ማለት አልችልም። አይተው እስኪጨርሱ እጠብቃቸዋለሁ።